መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ሥራ

በአንድ የረመዳን የመጨረሻ ቀናት መርሳ ላይ ቁጭ ብለን የዘካተል ፊጥር ተቀባዮችን ስም ኮምፒውተር ላይ እየጻፍን ነበር። የአባወራው ስም፣ ሰፈሩ፣ የቤተሰቡ ብዛት። ከዙህር በኋላ ጀምረን መግሪብ ሊል ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፋይሉን ከፈትን፤ ጠዋት እንደነበረው ነው። ከሰዓት የጻፍነው አንድም ስም የለም። የተገኘውን ወረቀት ሰብስበን፣ ያልተገኘውን በየቤቱ ዞረን ጠይቀን እንደገና ጻፍነው። ሁለት ቤተሰብ ግን ተዘለለ። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ እንዳለበት ለእናንተ መንገር አያሻም። የእነሱ የደረሰው ከሶላት በኋላ ነው።

ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሴቭ አላደረግንም።

ብዙዎቻችን ስክሪን ላይ ያየነው ሁሉ የተቀመጠ ይመስለናል። አይደለም። የምንጽፈው መጀመሪያ የሚያርፈው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። መድረሳ የቀራ ሰው ነገሩን በሎህ ሊያስበው ይችላል፤ ሎህ ላይ የተጻፈው ይታጠባል፣ ኪታብ ላይ የሰፈረው ይቆያል። ራም ሎሁ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይታጠባል። ኪታቡ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ወደ እሱ የሚገለበጠው ሴቭ ስናደርግ ነው። ስለዚህ አዲስ ጽሑፍ ገና ሲጀመር፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይጻፍ፣ ስም ሰጥቶ ሴቭ ማድረግ፤ ከዚያ በየአንቀጹ ኮንትሮልን ይዞ ኤስን መጫን ነው። ጣት ከለመደው በኋላ ሐሳብ አይጠይቅም።

ወርድ በራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል። 10 ደቂቃ ለእኛ አገር መብራት ረጅም ነው። ፋይል፣ ቀጥሎ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ሴቭ የሚለውን ከፍታችሁ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ወርድን ስትከፍቱ በግራ በኩል የተረፉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ሳታዩ አትዝጉት፤ እዚያው ከፍታችሁ ወዲያው ሴቭ አድርጉ።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። እንደ መጠኑና እንደ ባትሪው ዕድሜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያቆያል። ይህ ጊዜ ሥራ ለመጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ነው። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፤ የሚስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ዩፒኤሱ አይችለውም። ባትሪው ደግሞ ሦስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው ይደክማል፣ እንደ መርሳ ባለ ሞቃት ቦታ ከዚያም ቀድሞ። ምንም ሥራ ባልተከፈተበት ሰዓት ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መሞከር ይገባል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ከዴስክቶፕ አይለይም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከመጥፋቱ ይልቅ መምጣቱ ዕቃ ይጎዳል። መስመሩ 220 ቮልት መሆን ሲገባው መብራት በመጣበት ቅጽበት ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፤ ሲመጣም አምፖሉ መርገብገቡን እስኪተው ጠብቁና ሰኩት። ስታቢላይዘር ቢኖር መልካም ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ኃይል አይሰጥም፤ የዩፒኤስን ሥራ አይተካም።

ሥራ ላይ እያለ የሚደርቅና በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሞቀ ነው። ላፕቶፕን ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መውጫውን መድፈን ነው። ማራገቢያው የያዘውን አቧራ በየጥቂት ወሩ ማስነፋት ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሌላ ነገር አትሞክሩ፤ የሚያስፈልጋችሁን ወዲያው ገልብጡ።

ጥገና ቤት ስትሄዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ለብዙ ችግር የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ነው። «መጀመሪያ ፋይሎቼን ኮፒ አድርግልኝ» በሉ፤ ተገልብጦ በዓይናችሁ ሳታዩ አትፍቀዱ። ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች በድንገት ሾርትከት ሆነው ከታዩም አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ያንንም ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ይህ ሁሉ ግን ኮምፒውተሩ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበረችበት ጊዜ መብራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ንብረትም ተዘርፏል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከዝርፊያና ከውድመት አልተረፈም። ኮፒውን እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ያጣል። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም ይቻላል። ነገር ግን በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በዚያ ብቻ የተማመነ ሰው ፋይሉን ማግኘት አልቻለም። ስለዚህ አንድ ኮፒ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንድ ፍላሽ ወይም ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ቤት፣ ቢቻል ሌላ ከተማ፣ ደሴ ያለ ዘመድ ጋር ይሁን። የግመሏን ሐዲስ የሰማ ሰው ይህን ከተወኩል ጋር የሚጋጭ አድርጎ አያየውም።

የዘካና የየቲሞች መዝገብ ግን እንደ ሌላው ፋይል አይደለም፤ የሰዎች ገበና አለበት። ወደ ግሩፕ አይላክም። ወርድ ላይ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ዶክዩመንት በሚለው የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ከረሳችሁት ፋይሉም አብሮ እንደጠፋ ቁጠሩት፤ ስለዚህ ሁለት የታመኑ የኮሚቴ አባላት ይወቁት።

እኛም ከዚያ ረመዳን ወዲህ ዝርዝሩን በየዕለቱ ከዐስር በኋላ አትመን እናወጣለን፣ ፍላሹም መስጂድ አያድርም። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፉት እነዚያ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው።