የእንቅልፍ ማሟያዎችን ከመውሰድዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

እንቅልፍ ለማምጣትና የአእምሮን ጤና ለመጠበቅ ይረዳሉ ተብለው ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ወይም ውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች የሚላኩ የምግብ ማሟያዎች በርካታ ናቸው። ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ አንዱ ነው።

ትሪፕቶፋን ምንድን ነው?

አሚኖ አሲዶች ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። ትሪፕቶፋንን ሰውነት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ መገኘት አለበት። በወተት፣ በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በጥራጥሬና በሰሊጥ ውስጥ ይገኛል። ሰውነት ከእርሱ በስሜት ላይ ተጽዕኖ ያለውን ሴሮቶኒንን፣ ከሴሮቶኒንም የእንቅልፍን ሰዓት የሚያመለክተውን ሜላቶኒንን ይሠራል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የምርቱ ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ትሪፕቶፋን የወሰዱ ከ1,500 በላይ ሰዎች በብርቱ የጡንቻ ሕመም በሚታወቅ በሽታ ተይዘው ከ30 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል። ምርመራው አብዛኛውን ሕመም ከአንድ አምራች ምርት ጋር አያይዞታል። ዛሬም ቢሆን በዚያ አገር የምግብ ማሟያዎች እንደ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ፈዋሽነታቸው ተረጋግጦ ፈቃድ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ከውጭ መምጣቱ ብቻ ለጥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ከመድኃኒት ጋር የሚፈጥረው ግጭት ነው። ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ትሪፕቶፋን ቢጨምር የሴሮቶኒን መጠን ከልክ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። መቅበጥበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳትና ግራ መጋባት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጥቅሙስ?

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ትሪፕቶፋንም ሆነ ሜላቶኒን ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ሕክምና እንዲውሉ አልመከረም።

ምን ያድርጉ?

• በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ፤ ከቀትር በኋላ ቡና፣ እንዲሁም ጫት ከመጠቀም ይቆጠቡ።
• ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሐኪም ሳታማክር ማሟያ መውሰድ የለባትም።
• ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የማሟያውን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘው ለባለሙያው ያሳዩ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ሁሉ ይንገሩ።
• ማሟያ ጀመርኩ ብለው የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

የእንቅልፍ እጦት ለሳምንታት ከዘለቀ የድባቴ፣ የጭንቀት ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ማሟያ ከመግዛት ይልቅ ምርመራ ማድረግ ይገባል።