ከመዝገብ ቤት የወጣ እውነት

በዚህ እትም የቻይናዊውን አንጋፋ ጋዜጠኛ የያንግ ጂሼንግን ሥራ ልናስተዋውቃችሁ ወደናል። ያንግ የቤተሰብ ስማቸው ነው፤ በቻይና የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ያንግ በ1940 በሁቤይ ክፍለ ሀገር ገጠር ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓቸው አጎታቸው ናቸው። በ1959 ከቤት ርቀው ሲማሩ አባታቸው በረሃብ ሊሞቱ መሆኑን ሰሙ። ጥቂት ሩዝ ይዘው ቢደርሱም አባታቸው መዋጥ አቅቷቸው ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፉ። ወጣቱ ያንግ አዘኑ እንጂ መንግሥትን አልጠረጠሩም። መከራው የቤታቸው ብቻ መሰላቸው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሺንኋ በተባለው የመንግሥት ዜና አገልግሎት ተቀጠሩ፤ በ2001 ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። የሺንኋ ጋዜጠኞች ለሕዝብ ከሚታተመው ዜና ሌላ ባለሥልጣናት ብቻ የሚያነቡት ሪፖርት ይጽፋሉ። ስለዚህ ያንግ የሚነገረውና የሚሆነው ምን ያህል እንደሚራራቁ ከውስጥ ሆነው አዩ። በ1989 ጦር ሠራዊቱ በቤይጂንግ በሰልፈኞች ላይ ከተኮሰ በኋላ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ጸና።

በ1990ዎቹ የአባታቸውን ሞት ምክንያት መፈለግ ጀመሩ። ረሃቡን ላጥና ቢሉ በር እንደማይከፈትላቸው ስላወቁ «የእህል ፖሊሲ ታሪክ አጠናለሁ» እያሉ ከአሥር በሚበልጡ ክፍላተ ሀገር መዛግብት አገላበጡ፤ ከረሃቡ የተረፉትንም አነጋገሩ።

ያገኙት ይህን ነው። በ1958 «ታላቁ ዝላይ» የተባለው ዘመቻ ሲታወጅ የየአካባቢው ሹማምንት በምርት መጠን ይፎካከሩ ጀመር። አንዱ ከእውነተኛው እጥፍ ምርት አገኘን ሲል ሌላው ከዚያ አብልጦ ይናገራል። መንግሥት ድርሻውን የሚሰበስበው በተነገረው ቁጥር ልክ ስለነበር ለገበሬው የሚቀረው እጅግ አነሰ። እህሉ ሲጎድል «ደብቃችሁ ነው» ተብሎ ቤት ይፈተሻል፣ ሰው ይደበደባል። ምግብ የሚበላው በጋራ ማዕድ ቤት ነበርና በየቤቱ ማሰሮ እንኳ አልቀረም። በሄናን ክፍለ ሀገር በሺንያንግ አካባቢ እርዳታ የሚለምኑ ደብዳቤዎች ፖስታ ቤት ተያዙ፤ መንገዱም ተጠበቀ። የተራበው ሰው መናገርም መሰደድም አልቻለም። በዚያ አካባቢ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ።

በአገሪቱ በሙሉ በረሃብ የሞቱትን ያንግ 36 ሚሊዮን ያህል ብለው ገመቱ። ከዚህ ያነሰም የበለጠም ቁጥር የሚሰጡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ስለማለቁ ግን አይከራከሩም። መጽሐፋቸው «የመቃብር ድንጋይ» በ2008 በሆንግ ኮንግ ታተመ፤ በዋናው ቻይና ግን ታገደ። ድንጋዩ ለአባታቸው፣ ለሞቱት ሚሊዮኖች፣ ረሃቡን ላመጣው ሥርዓት፣ በመጽሐፉም ምክንያት አንድ ነገር ቢደርስባቸው ለራሳቸው መሆኑን ጽፈዋል። በ2016 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ሽልማት ሲሰጣቸው ሄደው እንዲቀበሉ አልተፈቀደላቸውም።

የተደበቀ ረሃብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1973 በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር፤ ብዙው ዓለም ያወቀው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። የያንግ ሥራ የሚያሳየን ግን የሚያጠራው ሰው እንደሚያስፈልግ ነው፤ እስኪጠራ ድረስም ሰው ይሞታል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አንድ ቁጥር ስናነብ ሁለት ነገር መጠየቅ እንልመድ፦ ይህን ቁጥር የተናገረው ማን ነው? እውነቱን ቢናገርስ ምን ይደርስበት ነበር?