ማደያዎች በዋጋ የማይወዳደሩት ለምንድን ነው? የአንድ ሊትር ቤንዚን ጉዞ እስከ መካነ ብርሃን

ጎንደር ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት የወጣ ሰው «የትኛው ማደያ ይረክሳል?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «የት አለ?»

ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዳ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። «እዚህ ቦቴ ገብቷል»፣ «እዚያ አልቋል»፣ «ሰልፉ አስፋልቱን ይዞታል» ይባባላሉ እንጂ «እዚህ በ2 ብር ቀንሷል» የሚል መልዕክት አይላላኩም። ማደያው ቶታል ይሁን ኖክ፣ ኦላ ይሁን የተባበሩት፣ ዋጋው ያው ነው።

ለምን? ዋጋው አንድ ከሆነስ አንዳንዱ ሰው ለአንድ ሊትር እጥፍ የሚከፍለው እንዴት ሆኖ ነው? ዛሬ ይህን ቀለል አድርገን እንየው።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?

በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ነው። ነዳጁን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ዋጋው ሲከለስ የሚያሳውቀው ደግሞ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በማደያው ላይ ስማቸው የተጻፈው ኩባንያዎች ነዳጁን ተረክበው ያከፋፍላሉ፤ ማደያው ይቀዳል። ኩባንያውም ማደያውም ከእያንዳንዱ ሊትር የሚያገኙት ትርፍ አስቀድሞ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው።

ስለዚህ የማደያ ባለቤት እንደ ሱቅ ነጋዴ «ዛሬ ልቀንስና ደንበኛ ልሳብ» ሊል አይችልም። «ተፈልጓልና ልጨምር» ቢልም ሕገወጥ ነው።

ዋጋው ራሱ ግን ቆሞ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ በግንቦት 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። በሰኔ 2014 መጨረሻ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር 47 ብር ከ83 ገባ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነውና በመስከረም 2017 መጨረሻ ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሆነ፤ በገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ደረሰ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ተከልሷል።

የጎንደር ዋጋ ከአዲስ አበባ ለምን ይለያል?

በዜና የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባን ዋጋ ነው። የየከተማው ዋጋ ግን በመንገዱ ርቀት ልክ ይስተካከላል። ነዳጁ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቦቴው በተጓዘ ቁጥር የማጓጓዣው ሂሳብ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ይደመራል።

በአንድ ወቅት ከሀገሪቱ ቤንዚን ከፊሉ ከሱዳን በመተማ በኩል ይገባ እንደነበር የጎንደር ሰው ያስታውሳል። ያኔ ቦቴው የሚመጣው ከቅርብ ነበር። አሁን ግን ጎንደር የመንገዱ ጫፍ ሆናለች ማለት ይቻላል። የመንገዱ ጫፍ ላይ ያለ ከተማ ደግሞ ሁለት ነገር ይደርስበታል፦ ዋጋው ይጨምራል፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ነው?

በብዙ ሀገር ማደያዎች በእርግጥ ይወዳደራሉ። በጀርመን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማደያዎች ዋጋ በቀየሩ ቁጥር ለመንግሥት የውድድር ተቆጣጣሪ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። መረጃው በስልክ መተግበሪያ ስለሚወጣ ሹፌሩ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት የት እንደሚረክስ ያያል። በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማደያው የነገውን ዋጋ ዛሬ ያሳውቃል፤ ያሳወቀውን ለ24 ሰዓት መቀየር አይችልም።

ጎረቤታችን ኬንያ መሐል ላይ ናት። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በየወሩ ጣሪያ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ መሸጥ አይቻልም፣ ከዚያ በታች ግን ይቻላል። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የኬንያው ዝርዝር ከተማ በከተማ ነው የሚወጣው። የሞምባሳው ሰው የሞምባሳን፣ የኪሱሙው ሰው የኪሱሙን ዋጋ አይቶ ነው ወደ ማደያ የሚሄደው።

ታዲያ የእኛ ማደያዎች በምን ይወዳደራሉ?

በሕጋዊው መንገድ የሚወዳደሩት በመጠን ነው። ትርፉ በሊትር የተቆረጠ ስለሆነ ብዙ የሸጠ ብዙ ያገኛል። ስለዚህ ነዳጅ ቶሎ ቶሎ ማስመጣት፣ ልኩን በትክክል መቅዳት፣ ዘይት መቀየሪያና እጥበት መክፈት የማደያው መወዳደሪያ ነው። ነዳጅ እንደ ልብ በሚገኝበት ጊዜ ይህ ይሠራል።

እጥረት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነዳጅ ከጠፋ ማንም ማደያ ደንበኛ መሳብ አያስፈልገውም፤ ሰልፉ ራሱ ይመጣል። ይባስ ብሎም ነዳጁን በፊት ለፊት ከመሸጥ ይልቅ በጓሮ ማውጣት ያዋጣል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የወሰድናቸው ናቸው። አንድ ማደያ በሊትር 2 ብር ያተርፋል እንበል። 10 ሺህ ሊትር ቢሸጥ 20 ሺህ ብር ያገኛል፤ ከዚህ ላይ ደሞዝና መብራት ይከፍላል። ከዚያው ነዳጅ ውስጥ 1 ሺህ ሊትሩን ብቻ ሌሊት በጀሪካን፣ በሊትር 50 ብር ጨምሮ ቢያወጣ ግን 50 ሺህ ብር ያገኛል። አንድ አሥረኛው ብቻ ከጠቅላላው ሕጋዊ ትርፍ በላይ አመጣ ማለት ነው።

ሁሉም ማደያ ይህን ያደርጋል እያልን አይደለም። ፈተናው ግን እዚህ ላይ ነው። «ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት «ነዳጅ የለም» የሚለው ማስታወቂያ የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ያልተሸጠ ሊትር ነገ በአዲሱ ዋጋ ይሸጣልና።

ሁለተኛው ዋጋ

እንግዲህ በአንድ ከተማ ሁለት ዋጋ አለ። አንደኛው በማሽኑ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው መንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠው ነው። የመጀመሪያውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛውን የሚቆርጠው ደግሞ እጥረቱ።

ሰልፍም ቢሆን ክፍያ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግማሽ ቀን ተሰልፎ ከቀዳ የዚያን ግማሽ ቀን ገቢ ከፍሏል። ሰልፉን ትቶ ከሃይላንድ ከገዛ ደግሞ በብር ይከፍላል። በቀን 5 ሊትር የሚያቃጥል ሹፌር በሊትር 80 ብር ጭማሪ ቢከፍል በቀን 400 ብር፣ 25 ቀን ሲሠራ 10 ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ወይ ከልጆቹ ጉሮሮ ይወጣል፣ ወይ ከተሳፋሪው። ታሪፍ የሚወጣው ግን የማደያውን ዋጋ ይዞ ነው። በየቀኑ «ጨምር»፣ «አልጨምርም» የምንጨቃጨቀው በሁለቱ ዋጋዎች መሐል ባለው ልዩነት ነው።

መካነ ብርሃን ላይ ሲደርስ

አሁን ያቺን አንድ ሊትር ይዘን ወደ ላይ እንውጣ። ከጎንደር አምባጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ነው ወደ ጃናሞራ የሚወረደው። መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጭቃው፣ በጋ ላይ አቧራው፣ ሁልጊዜም ዳገቱ አለ። መኪናው ራሱ ዳገቱን ለመውጣት ብዙ ነዳጅ ይጠጣል።

እንዲህ ባለ ቦታ ነዳጁ በብዛት የሚደርሰው በጀሪካን፣ ከሰውና ከእህል ጋር ተጭኖ ነው። ጀሪካኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የመጀመሪያው ለሰልፉ፣ ሁለተኛው ለጫኝው፣ ሦስተኛው ለኬላው ሥጋት፣ አራተኛው ለቸርቻሪው። ሃይላንድ ላይ ሲደርስ የአዲስ አበባው ዋጋ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የባለ ሞተሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ነው። ናፍጣ ሲወደድ የማስፈጫው ዋጋ ይጨምራል፤ መኪና ያልያዘች እናት የነዳጅ ዋጋ ከፈለች ማለት ነው። ወላድ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚሮጠው መኪናም የሚሄደው በዚሁ ነው። በ2016 ድርቅ ጃናሞራን ሲመታ የእርዳታ እህል የሚወጣበት መንገድም ይኸው ዳገት ነው።

በሃይላንድ የሚሸጥ ነዳጅ ሌላም ጣጣ አለው። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ሞተር ይገድላል። ምድጃ በሚነድበት ቤት ጥግ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ስልካችንስ ምን አገባው?

ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነዳጅ በመላ ሀገሪቱ በቴሌብር እንዲከፈል ተደርጓል። በኋላ ሌሎች የዲጂታል አማራጮችም ተጨምረዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ የተቀዳው ሁሉ ይመዘገባል፣ ማን ስንት ሊትር እንደወሰደ ይታወቃል።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ የዲጂታል ክፍያ ራሱ ሌላ ሰልፍ ይሆናል። መዝገቡም ቢሆን የሚይዘው ማደያ ላይ የተከፈለውን ነው። በሕጋዊ መንገድ ተከፍሎ ተቀድቶ፣ ከታንከር ተመጥምጦ በሃይላንድ የሚሸጠውን ሊትር ስልኩ አያየውም።

ዋጋው ይለቀቅ ብንልስ?

ብዙ ሰው «ዋጋውን ይልቀቁትና ማደያዎቹ ይወዳደሩ» ይላል። ጎንደር ከተማ ላይ፣ ብዙ ማደያ ባለበት፣ ነዳጅም በበቂ ሁኔታ ከገባ ያስኬድ ይሆናል። ግን ውድድር ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከአንድ በላይ ሻጭ እና የማይቋረጥ አቅርቦት። አንድ ጀሪካን ለመቶ ሰው በሚደርስበት ተራራ ላይ ዋጋ ቢለቀቅ የሚወዳደሩት ሻጮቹ ሳይሆኑ ገዢዎቹ ናቸው። የሚያሸንፈውም ብር ያለው ነው።

ዋጋውን መቆለፍ ብቻውንም አላዳነንም። ዋጋው ተቆልፎ ነዳጁ ከሌለ የተቆለፈው ወረቀቱ ነው።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህን ነው፦ ለእንደ መካነ ብርሃን ላለ ቦታ ከዋጋው ቁጥር በፊት የሚያስፈልገው መረጃ ነው። የየከተማው ሕጋዊ ዋጋ ከአዲስ አበባው ጋር አብሮ ይውጣ። ቦቴ መቼ እንደገባ፣ ለየትኛው ማደያ ስንት ሊትር እንደተራገፈ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይም ቢሆን ይለጠፍ። ምን ያህል እንደገባ ሕዝቡ ካወቀ «አልቋል» የሚለውን ቃል በቁጥር መጠየቅ ይችላል።

እስከዚያው ማድረግ የምትችሉት

👉 ስትቀዱ ማሽኑ ከዜሮ መጀመሩን እዩ።

👉 የከፈላችሁትን ብር ለሊትሩ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ከከተማችሁ ሕጋዊ ዋጋ ጋር ካልገጠመ ጠይቁ።

👉 የክፍያ መልዕክቱን አታጥፉት። ቀን፣ ሰዓትና መጠን የያዘ ማስረጃ ነው፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አቤት ስትሉ ይጠቅማችኋል።

👉 ለወፍጮ ወይም ለውኃ ፓምፕ በጀሪካን መቅዳት ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ከወረዳው ደብዳቤ አውጡ። በጓሮ ከገዛችሁት ይልቅ እሱ ይረክሳል።

👉 ቤት ውስጥ ነዳጅ አታከማቹ። የግድ ከሆነ ከእሳትና ከልጆች አርቁት፤ በውኃ ሃይላንድም አታስቀምጡት፣ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና።

የሚቀጥለው የዋጋ ክለሳ ዜና ሲወጣ የአዲስ አበባውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትለፉ። «የጎንደርስ? የደባርቅስ? የመካነ ብርሃንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛም እንጠይቃለን።