ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተጻፉ ጥናቶችን ባለሐተታ ዋቢ ዝርዝር ማዘጋጀት፦ የስም፣ የዘመንና የምዘና ጉዳዮች

መግቢያ

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለመጻፍ የተነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በፍለጋው መጀመሪያ ላይ በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ «በዚህ ጉዳይ የተጻፈ የለም» የሚል ነው። ድምዳሜው ምቹ ነው፤ የጥናቱን አስፈላጊነት ያለ ብዙ ድካም ያስረዳልና። ሆኖም ትክክል አይደለም። ክልሉንና ሕዝቦቹን የሚመለከቱ ጽሑፎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፈዋል፤ ዳሩ ግን በሌላ ስም፣ በሌላ ግዛት ሥርና በሌላ ቋንቋ ተመዝግበው ስለሚገኙ ከፈላጊው ዓይን ይሰወራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ የኮሌጅ የጽሑፍ ቡድን ስለ ክልሉ ባለሐተታ ዋቢ ዝርዝር ሲያዘጋጅ ሊከተላቸው የሚገቡትን ደረጃዎች ያብራራል። የተጠቀሱት የጥናቶች የኅትመት ዓመታትና የሚሸፍኗቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ምንነት

ባለሐተታ ዋቢ ዝርዝር እያንዳንዱን ምንጭ ከሙሉ የኅትመት መረጃው ጋር የሚያሰፍር፣ ከሥሩም አጭር ሐተታ የሚያክል የጥናት መሣሪያ ነው። ሐተታው ምንጩ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን በምን ማስረጃ እንደሚል፣ ለማን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያቆም ይናገራል። በሀገራችን መጻሕፍትን በዝርዝር የመመዝገብ ልማድ አዲስ አይደለም፤ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል። በታሪክ ጥናት ደግሞ ሃሮልድ ማርከስ በ1972 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ዘመናዊ ታሪክ ዋቢ መጽሐፍ የተመረጡ ሥራዎችን ከሐተታ ጋር የያዘ ነው።

ፍለጋው በስም ይጀምራል

የዛሬው ክልል መጠሪያ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣ ነው። በሽግግሩ ዘመን ክልል 6 ይባል ነበር። ከዚያ ቀደም አሶሳና ካማሺ በወለጋ፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ክፍለ አገር ሥር ይተዳደሩ ነበር። ስለዚህ ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተጻፈን ጥናት በዛሬው የክልል ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ «ወለጋ» እና «ጎጃም» በሚሉት ስሞችም መፈለግ ይኖርበታል። «ቤኒ ሻንጉል» ራሱ «ቤላ ሻንጉል» እና «ባኒ ሻንጉል» እየተባለ ተጽፏል። የአሶሳ ስምም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ጊዜ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል።

የሕዝቦቹ ስያሜም እንዲሁ ነው። ሽናሻዎች ራሳቸውን ቦሮ ይላሉ። «ማኦ» የሚለው ስም በአንዳንድ ጽሑፎች የኦሞአዊ ቋንቋ ተናጋሪዎችን፣ በሌሎች ደግሞ ከኮሞ ጋር የሚዛመዱ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሰዎችን ያመለክታል፤ ሐተታ ጸሐፊው የትኛውን እንደሆነ መለየት አለበት። በቀድሞ ጽሑፎች ጉሙዝና በርታን ጨምሮ ልዩ ልዩ ሕዝቦች «ሻንቅላ» በሚል አዋራጅ ቃል በጅምላ ተጠርተዋል። ይህ ቃል በምንጩ ርእስ ውስጥ ካለ እንዳለ መመዝገብ ግድ ነው፤ ካልሆነ ምንጩ አይገኝም። በሐተታው ውስጥ ግን ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም መጠራት ይገባዋል።

ሌላው እንቅፋት የምንጭ መብዛት ነው። በጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ የክልሉን ስም የሚጠቅሱ ጽሑፎች እጅግ በዝተዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን የሚናገሩት ስለ ውኃው እንጂ ስለ ነዋሪው አይደለም። የዝርዝሩ ወሰን ከመነሻው ካልተቆረጠ የግድቡ ሥነ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

የጸሐፊ ስምና የዘመን አቆጣጠር

የኢትዮጵያ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የውጭ መረጃ ቋቶች ግን የአባትን ወይም የአያትን ስም ያስቀድማሉ። የአብዱሰመድ ሐ. አሕመድ ጥናት «አሕመድ» በሚለው ሥር ይገኛል። የመተከልን የሕዝቦች ግንኙነት ያጠኑት ጸጋ እንዳለው በኋላ ሥራቸው በአያታቸው ስም ጸጋ እተፋ ተብለው ተመዝግበዋል። አንድ ጸሐፊ እንደ ሁለት ሰው እንዳይቆጠር ዝርዝሩ አንድ ወጥ ሥርዓት ይዞ ሌላውን አጻጻፍ ማመልከት አለበት። በአማርኛ ፍለጋም «ጸጋ» እና «ፀጋ» ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ዓመተ ምሕረት ከአውሮፓው አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። በ1966 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓው 1973 ወይም 1974 ነው። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ማስፈር እንጂ አንዱን መገመት አይገባም።

ሐተታውን መጻፍ

ጥሩ ሐተታ ከ100 እስከ 150 ቃላት ውስጥ አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ የጥናቱ ጥያቄ ምንድን ነው? ማስረጃው ከየት ተገኘ? የትኛውን ቦታና ዘመን ይሸፍናል? ምን ይጎድለዋል? የአሌሳንድሮ ትሪዩልዚን «ጨው፣ ወርቅና ቅቡልነት» የተሰኘ በ1981 በኔፕልስ በእንግሊዝኛ የታተመ መጽሐፍ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አጠር ያለ ሐተታው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«መጽሐፉ ከ1800 ገደማ እስከ 1898 ያለውን የቤላ ሻንጉልንና የወለጋን ታሪክ ይመረምራል። የአፍ ታሪክን ከተጓዦች ጽሑፍና ከመዛግብት ጋር ያጣምራል። አካባቢው በሱዳንና በኢትዮጵያ ደጋ መካከል የጨውና የወርቅ ንግድ የሚተላለፍበት፣ ሥልጣንም የሚወዳደርበት የድንበር ምድር እንደነበረ ለማስረዳት ይጠቅማል። ትረካው በ1898 ስለሚያበቃ ለቀጣዩ ዘመን ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ቀጣዩ ምንጭ ይመራል። የባሕሩ ዘውዴ በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጽሑፍ በምዕራብ ድንበር የነበረውን የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ከ1898 እስከ 1935 ያጠናል። አብዱሰመድ በ1999 ያሳተሙት ጥናት በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ የነበረውን የባሪያ ንግድ ከ1897 እስከ 1938 ይዘግባል። የጸጋ እንዳለው የ2006 መጽሐፍ መተከልን ከ1898 እስከ 1991 ይከተላል። ወልደ ሥላሴ አቡቴ የመተከልን ጉሙዞችና ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎችን ኑሮ አጥንተዋል። ከ1991 በኋላ ላለው ዘመን ጆን ያንግ በ1999 ስለ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል፣ አስናቀ ከፋለ ደግሞ በ2013 ስለ ሶማሌና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ያቀረቧቸው ጥናቶች አሉ። በቋንቋ ረገድ የኮሊን አህላንድ የጉሙዝ ሰዋስውና የማይክል አህላንድ የሰሜን ማኦ ሰዋስው በ2012 በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቀርበዋል።

እነዚህ ሥራዎች በዘመን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ አንድ ነገር ይታያል። በዚህ አጭር ዝርዝር ውስጥ መተከል እስከ 1991 ያለ ማቋረጥ ተሸፍኗል፤ በአሶሳ በኩል ግን ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1991 ያሉት ዐሥርት ዓመታት ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ቡድኑ ቀጣይ ፍለጋውን ወደዚያው ማዞር፣ በተለይም በወለጋ ስም የተመዘገቡ የመመረቂያ ጽሑፎችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት መመልከት ይኖርበታል። ፍለጋው ካለቀ በኋላም ክፍተቱ ከቀረ፣ «የተጻፈ የለም» የሚለው ጥቅል አባባል ቦታና ዘመን ባለው፣ ሊመረመር በሚችል የጥናት ጥያቄ ይተካል።

ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ያላነበቡትን ምንጭ መተንተን አይገባም። አጽሕሮተ ጥናትን ገልብጦ ሐተታ ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው። ጽሑፍ በሚያመነጩ ማሽኖች ዘመን ደግሞ ከቶ ያልታተመ መጽሐፍ ከነደራሲው ተፈብርኮ ሊቀርብ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምዝገባ «ይህን ጽሑፍ አይቼዋለሁ» የሚል ምስክርነት ነው። ምንጩ ካልተገኘ ያለ ሐተታ ተመዝግቦ «ያልታየ» መባል አለበት።

ሁለተኛ፣ የምንጩ ተናጋሪ ማን እንደሆነ መገለጽ አለበት። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የተጓዘው ሆላንዳዊው ኹዋን ማሪያ ሹቨር የተወው ማስታወሻ በ1996 ታትሟል። ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን የእንግዳ ዓይን ያየው ነው። ስለ ባሪያ ንግድ የተጻፉ መዛግብትም በአብዛኛው የሹማምንትንና የባለሥልጣናትን ቃል እንጂ የተሸጡትን ሰዎች ቃል አልያዙም። ሐተታው ይህን ካልተናገረ የመዝገቡ ዝምታ ወደ አዲሱ ጽሑፍ ይሸጋገራል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያ ውጭ የታተሙ ናቸው። በአሶሳ፣ በግልገል በለስ ወይም በካማሺ ያለ አንባቢ ስለ ገዛ ምድሩ የተጻፈውን ሁሉ በእጁ ማግኘት ላይችል ይችላል። በአማርኛ በጥንቃቄ የተጻፈ ሐተታ ግን ቢያንስ ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳለው፣ ምን እንዳልተባለም ያሳውቀዋል። ስለሆነም ዋቢ ዝርዝር ከጽሑፉ ኋላ የሚለጠፍ ማሟያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከጽሑፉ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ በሌሎች ሊታረምና ሊሟላ በሚችል መልክ ለተከታዩ ተማሪ ሊተላለፍ ይገባል።