ስለ ጂኖምና በሕዋስ ውስጥ ስለሚቀመጥበት ስፍራ

ጤፍ የዘራ ገበሬ ጤፍ ያጭዳል እንጂ ገብስ አያጭድም፤ ላምም ጥጃ እንጂ ግልገል አትወልድም። ይህ ለሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዘር ሁሉ ወገኑን የሚጠብቅበት ትእዛዝ ተጽፎ የሚገኝበት ስፍራ የተገለጠው ከብዙ ምርመራ በኋላ ነው።

የሕያው ፍጥረት ሁሉ ሰውነት ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱም ውስጥ በስስ ሽፋን የተከበበ አስኳል አለ፤ የዘሩ ጽሕፈት የሚቀመጠው በዚህ ነው። ጽሕፈቱ የተጻፈበት ነገር ዲኤንኤ ይባላል። ይህንም አስቀድሞ ለይቶ ያወጣው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፍሪድሪክ ሚሸር ነው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1869 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፣ ሰው ተጸይፎ ከሚጥለው ከቍስል ፋሻ መግል ውስጥ አገኘው። እንደ ተጠመዘዘ መሰላል ያለው ቅርጹ ግን የታወቀው በ1953 ዓ.ም. ነው።

የዲኤንኤ ፊደል አራት ብቻ ነው። ከእነዚህ አራቱ ተሰካክተው የሚገኙት የአንድ ፍጥረት ጽሕፈቶች በሙሉ ጂኖም ይባላሉ። ጂን የሚባለው ግን ከጽሕፈቱ አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሁሉ አይደለም። ሰው ከአንድ ወላጁ የሚቀበለው ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። ለዳቦ የሚሆነው ስንዴ ጂኖም ከዚህ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣልና፣ የጽሕፈት ርዝመት የክብር መለኪያ አይደለም።

የአንዱ የሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። አስኳሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር መቶኛ ክፍል አይበልጥም። ረጅም ክታብ ተጠቅልሎ በትንሽ የቆዳ ማኅደር እንደሚገባ፣ ዲኤንኤም በጥቃቅን የፕሮቲን እንክብሎች ላይ እየተጠመጠመ ይታጠፋል። እንዲህ የተጠቀለለው እያንዳንዱ ክፍል ክሮሞዞም ይባላል፤ በሰው 46፣ በጤፍ 40 ነው። ሰው ዝምድናን በደም ቢቈጥርም፣ የበሰለው ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል የለውም፤ ከደም የዘር ምርመራ ሲደረግ ጽሕፈቱ የሚገኘው ከነጩ ሕዋስ ነው።

ከ46ቱ ክሮሞዞም 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት ይመጣሉ። ከእነዚህም ጾታን የሚለዩት ኤክስና ዋይ የሚባሉት ናቸው። ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አላቸው። እንግዲህ እናት የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስን ነው፤ ከአባት ዋይ ቢመጣ ወንድ፣ ኤክስ ቢመጣ ሴት ይወለዳል። ሴቶች ልጆችን ብቻ ወለደች ተብላ ሚስት የተነቀፈችበት፣ አልፎም የተፈታችበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ነቀፋው ግን ሐሰት ነው። አባትም ቢሆን መርጦ የሚሰጠው አይደለምና፣ ሽማግሎች ለዕርቅ በተቀመጡ ጊዜ በዚህ ነገር በዳይ ይፈልጉ ዘንድ አይገባም።

ጽሕፈቱ ሁሉ ግን በአስኳል ውስጥ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያ አስኳል ስለሌለው ዲኤንኤው በሕዋሱ ውስጥ ያለ ሽፋን ይኖራል። በሰውም ሕዋስ ከአስኳሉ ውጭ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ ከምግብ ኀይል የሚያወጡ ክፍሎች አሉ፤ እነርሱም 16,569 ፊደልና 37 ጂን ያለው የራሳቸው ትንሽ ዲኤንኤ አላቸው። ይህ ከእናት ብቻ ይወረሳል። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይቀበለዋል፤ ለልጆቹ ግን አያወርሰውም፤ እነርሱ ከእናታቸው ይቀበላሉ።