ባለታሪኩ የማይከታተለው ፊልም

ኬንያዊው ሯጭ ሄንሪ ዋንዮይኬ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፓራሊምፒክ የ5,000 ሜትሩን ወርቅ ያገኘው መሪውን እየጎተተ ነበር። ዓይነ ስውር ሯጭና መሪው አንዲት አጭር ማሰሪያ ከሁለት ወገን ይዘው ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ ክንዳቸው አብሮ ይወዛወዛል፣ ኩርባው ሲቃረብ መሪው በቃል ይነግረዋል። የዚያን ቀን ግን መጨረሻው አካባቢ መሪውን አቅም ከዳው፤ የማያየው የሚያየውን ደግፎ መስመሩን አለፉ። ዋንዮይኬ ከናይሮቢ ወጣ ብላ የምትገኘው የኪኩዩ ልጅ ነው። በ1995፣ ገና በወጣትነቱ፣ ስትሮክ መትቶት በአንድ ሌሊት የማየት አቅሙን ከሞላ ጎደል አጣ። በ2004 አቴንስ ላይ ጆሴፍ ኪቡንጃ እየመራው ሁለት ወርቅ ጨመረ። ማይክል ሃሞን በ2013 ያወጣው «ጎልድ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እሱንና ሌሎች ሁለት የፓራሊምፒክ አትሌቶችን ወደ ለንደኑ የ2012 ውድድር ሲያቀኑ ይከተላል።

ለካሜራ ከዚህ የተመቸ ታሪክ ከየት ይመጣል? እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው መመቸቱ ነው። ስለ ዓይነ ስውርነት የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገድ አይወጡም። አንዱ የሜዳሊያው ነው። ሌላው የፋሻው ነው፦ የዓይን ሞራ በተገፈፈ ማግስት ነርሷ ከአንዲት እናት ዓይን ላይ ፕላስተሩን ቀስ አድርጋ ታነሣለች፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ይጠጋል፣ እናት ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት ያደርጉና የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ደስታው እውነት ነው፤ ሕክምናውም መስፋፋት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ የማየት ችግር ካለባቸው 2.2 ቢሊዮን ሰዎች ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑን ችግር መከላከል ይቻል እንደነበር ወይም ገና መፍትሔ እንዳላገኘ ገልጿል። ግን ግላኮማ የወሰደው ብርሃን በቀዶ ሕክምና አይመለስም፤ ሜዳሊያም ለጥቂቶች ብቻ ነው። ዋንዮይኬ ራሱ ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት መራመድን፣ መልበስን፣ ኑሮን እንደ አዲስ ተምሯል። የብዙው ዓይነ ስውር ሕይወት የሚመስለው እነዚያን ዓመታት ነው፤ ፊልም ሠሪው ግን ቶሎ ያልፋቸዋል፣ ለዓይን የሚሆን ነገር አያገኝባቸውማ።

ስለዚህ ስለ ዓይነ ስውራን የሚሠራ ፊልም ከመጀመሪያው ባለታሪኩ ራሱ እንዲከታተለው ሆኖ መታሰብ አለበት እላለሁ። ይህን የምለው ከርኅራኄ ተነሥቼ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ የተሻለ ስለሚሆን ነው። ለዚህ «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ» ጥሩ ምስክር ነው። እንግሊዝ ይኖር የነበረው ምሁር ጆን ሃል በ1983 ዓይኑ ሲጠፋ ሐሳቡን በካሴት መቅዳት ጀመረ። ፒተር ሚድልተንና ጄምስ ስፒኒ በ2016 ባወጡት ፊልም ተዋንያኑ ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱት በእሱው ድምፅ ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው ጣራውን፣ ቅጠሉን፣ መንገዱን እየመታ ለሃል የአካባቢውን ቅርጽ ይሥልለታል፤ የሚያይ ተመልካችም ጆሮውን ከፍቶ ይከተለዋል። ናይሮቢ ደግሞ ለጆሮ የምትነፍግ ከተማ አይደለችም። ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ረዳት መድረሻውን እየጠራ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ከየመኪናው ይንጫጫል፣ ረዳቱ ሹፌሩን «ሂድ» ለማለት የመኪናውን አካል በመዳፉ ይደበድባል። ለማያይ ተሳፋሪ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው፤ የድምፅ ባለሙያው ግን «ጫጫታ» ብሎ ሊቀንሳቸው ይችላል።

ፊልም ምስል ነው፣ ያለ ምስል ምን ይቀረዋል የሚል ይኖራል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ የአማርኛ አድማጭ ግን ሰብለወንጌልን ያለ አንዲት ፎቶ አይቷታል። ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በንግግሮች መካከል ገብቶ የሚታየውን የሚናገር የድምፅ ገለጻ አንድ ጸሐፊና አንድ ተራኪ ይፈልጋል፤ ከቀረጻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የሚከብደው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሲታሰብ ነው፣ ያኔ ተራኪው ቃል የሚያስገባበት ክፍተት አይገኝም። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ የፋሻው ፊልም ገንዘብ ያሰባስባል፣ በገንዘቡም ሰው ይታከማል። ይህን አልክድም። ግን እኒያ እናት ካሜራው ምን ያህል እንደተጠጋ፣ ልብሳቸውና ቤታቸው እንዴት እንደሚታይ ሳያውቁ የሰጡት ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ በክብር እንዲያዝና በማያዋርድ መንገድ እንዲጠራ ያዛል፤ ክብሩ እንዴት እንደሚቀረጽም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ። ካሜራው የሚያየውን በቃል ነግሮ ፈቃድ መጠየቅ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ የሚሰበሰበውን ገንዘብም አይቀንስም።

ናይሮቢ ለዚህ የሚሆን ሰው አላት። ጁዲ ኪቢንጌ የመሠረተችው ዶኩቦክስ የምሥራቅ አፍሪካን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ይደግፋል። ብዙ በማትርቀው ቲካ ደግሞ ሳልቬሽን አርሚ በ1946 የከፈተው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ኢንኤብል የተባለው ድርጅትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ይዞ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ከእነዚህ ወጣቶች ሁለት ሦስቱን ገና ያላለቀው ቅንብር ላይ ክፍያ ከፍሎ ማስቀመጥ፣ ታሪኩ የቱ ጋ እንዳመለጣቸው መጠየቅ፣ ከዚያ አቀናባሪው ወደዚያ ቦታ ተመልሶ መቀሱን እንዲያነሣ ማድረግ በሚቀጥለው ፊልም ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።