ቆሽትን ማደስ ወይስ ሥራውን ማዛወር?

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚነሣው የሰውነት መከላከያ በራሱ ወገን ላይ ሲዞር ነው። ጥቃቱ የሚያርፈው በመላው ቆሽት ላይ ሳይሆን ቤታ በተባሉት ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ላይ ነው። ሕዋሳቱ የሚገኙባቸው ጥቃቅን ደሴቶች ተደምረው ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆኑ ነው። «ቆሽት እንደገና አበቀሉ» የሚል ዜና ስለዚህ የተጋነነ ነው፤ የታመመው ቆሽት እንዳለ ይቀራል፣ ሌላ ቦታ የተተከሉ ሕዋሳት ሥራውን ይረከባሉ።

መንገዱን የከፈተችው የካናዳዋ ኤድመንተን ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው ከሞቱ ለጋሾች የወሰዱትን ደሴት ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ለሰባት ሕሙማን ሰጡ፤ ሰባቱም ኢንሱሊን መወጋት አቆሙ። ግን ለአንድ ታማሚ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ለጋሽ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ቆሽት ከየት ይመጣል?

መልሱን ያቀረበው ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችለው ስቴም ሴል ነው። ሁለት ልጆቻቸው በዚሁ በሽታ የተያዙባቸው የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ዳግላስ ሜልተን፣ ከስቴም ሴል በርካታ ቤታ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ ማምረት እንደሚቻል በ2014 አሳዩ። ከዚህ ሥራ የተወለደውን ዚሚስለሴል የተባለ ሕክምና ቨርቴክስ ኩባንያ በሰው ላይ ሞከረው። በ2025 በወጣው ውጤት ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሕዋሳቱ የባዕድ በመሆናቸው ታካሚው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። በሙከራው ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱን የገደለው መከላከያ ሲዳከም የሚበረታ የፈንገስ ማጅራት ገትር ነው። በእኔ እምነት ዛሬ የመስኩ ዋና ጥያቄ ሕዋስ ማምረት ሳይሆን ሕዋሳቱን ያለ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመከላከያው ጥቃት ማዳን ነው።

በቻይና አንዲት የ25 ዓመት ሴት ከራሷ ስብ በተሠሩ ሕዋሳት ከኢንሱሊን ተላቅቃለች፤ የዴንግ ሆንግኩይ ቡድን ሥራ በ2024 ታትሟል። ሆኖም ቀድሞ በተደረገላት የጉበት ንቅለ ተከላ ምክንያት መከላከያ አዳካሚውን መድኃኒት ትወስድ ስለነበር፣ የራስ ሕዋስ ከጥቃት ያመልጥ እንደሆነ ከእሷ ማወቅ አልተቻለም።

በስዊድኗ ኡፕሳላ ደግሞ ዘረመላቸው ተስተካክሎ ከመከላከያው የተሰወሩ የለጋሽ ሕዋሳት ያለ መድኃኒት በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ተተከሉ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር ሰውየው መርፌውን አላቆመም፤ ሕዋሳቱ ግን ሳይጠቁ ኢንሱሊን አመነጩ። ይህንኑ ማስተካከያ በስቴም ሴል በተሠሩ ደሴቶች ላይ ለማዋል እየተሠራ ነው።